ከኤልያስ ቁልቁል

ጎጃም ውስጥ ወንዝ የማያቋርጠው መንገድ የለም፤ ዋና የሚችል ሰው ግን ጥቂት ነው። አባይ አገሩን በሦስት በኩል ከቦት እያለ፣ እኛ ልጆች ስለ ውሃ ይነገረን የነበረው ስለሚወስደው እንጂ ስለያዘው አልነበረም። ጠለቅ ያለ የወንዝ እጥፋት ሁሉ ባለቤት አለው፤ በቀትር አይቀረብም፤ ብቻውን የሄደ ልጅ ተለክፎ ይመለሳል፣ ወይም አይመለስም። ያደግሁት ደብረ ኤልያስ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ሙላት ከብት ወሰደ፣ መንገደኛ ማዶ አደረ የሚባልበት አገር ነው። ከዚያ ተነሥቶ፣ በብረት የታመቀ አየር ታዝሎ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ለማየት መሄድ ለጎረቤት የሚነገር ጉዳይ አይደለም። እናቴ ስትሰማ “ምን ጠፍቶብህ?” አለችኝ። ለጊዜው መልስ አልነበረኝም።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም የአስመራ በር ሲከፈት ሰው ሁሉ ባሕር ባሕር ይል ጀመር። ምጽዋና አሰብ በየቡና ቤቱ ይነሡ ነበር። ልብ ብሎ ለሰማ ግን ወሬው የወደብ ወሬ ነው፦ ኪራይ፣ ታሪፍ፣ ኮንቴይነር፣ የባሕር ኃይል። ለእኛ ባሕር ማለት በር ነው፤ የሚያሳስበንም በበሩ የሚገባና የሚወጣው ዕቃ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ በር ቢያምረው አይፈረድበትም። ነገር ግን በበሩ ዋጋ ሲከራከሩ ከሰማኋቸው ሰዎች መካከል ከመርከብ ሆድ በታች ምን እንዳለ ያየ አንድም አልገጠመኝም። ሊያዩ ይችሉ የነበሩ አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውም አጎቴ ናቸው።

አጎቴ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ከኤልያስ ወጥተው ባሕር ኃይል ገቡ፤ ምጽዋ ላይ የመርከብ ሞተር ሲጠግኑ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው ያ ባሕር ኃይል ትልቁን መርከቡን ያገኘው በ1962 ከአሜሪካ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር አውሮፕላኖችን ለመርዳት የተሠራ መርከብ ነው፤ ስሙንም “ኢትዮጵያ” አሉት። ግንቦት 1983 ዓ.ም የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሲሸሹ አጎቴ ቀድመው ወደ ኤልያስ ተመልሰው ነበር። አሁን በግ ያረባሉ፣ ጤፍ ይዘራሉ። ባሕርን ሲያነሡ የሚያነሡት ሙቀቱን፣ የሞተር ክፍሉን ጩኸትና አበል የሚዘገይበትን ወር ነው። “ጋሼ፣ ከታች ምን አለ?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ “ከታች ያለው የጠላቂዎች ሥራ ነው፤ እኔ ሞተረኛ ነበርኩ” አሉኝ። ለዓመታት የተመላለሱበትን ውሃ የሚያውቁት ከላይ ብቻ ነው። ምጽዋን እሳቸውም እኔም ተመኘን፤ ለጀማሪ ጠላቂ የሚቀርበው ግን ጅቡቲ ሆኖ ተገኘ።

ጥምቀትን ኤልያስ ውዬ ተነሣሁ። ከደብረ ማርቆስ የመጣው አውቶቡስ ደጀን አልፎ ቁልቁለቱን ሲጀምር መንገደኛው ሳይነጋገር ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ያማትባል፣ ምራቁን ይውጣል። ጆሮ ይደፈናል። የሾፌሩ ሙዚቃ ይርቃል፤ አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ድምፅ ይታፈናል። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ እናቶች ጡት ያጎርሷቸዋል፤ ሲጠቡ ይውጣሉና ጆሯቸው ይከፈታል። ድልድዩ ጋ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፤ ከዚያ ሽቅብ ወደ ጎሐ ጽዮን። የጎጃም ሰው አዲስ አበባን ያየው በዚህ በኩል ነውና፣ ጆሮን ለመክፈት ምን እንደሚደረግ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ይህ እውቀት ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ ገደል ውስጥ መገኘቱን በኋላ ነው የተረዳሁት።

ከአዲስ አበባ ፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ፣ ናጋድ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2018 መባቻ ነው። ፈረንሳዮች የዘረጉት አሮጌው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ አዲሱ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ ለመዘርጋት ያኛው ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።  ጉዞው የቁልቁለት ጉዞ ነው፦ አዳማ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ፣ ደወሌ። በየጣቢያው ጋቢ ይወልቃል፣ ከዚያ ሹራብ፣ ከዚያ ሰዉ በቀረው ልብስ ያልበዋል። በመስኮቱ በኩል ከአጠገቤ የተቀመጡት ሴት የጅቡቲ ነጋዴ ናቸው። ለሽርሽር እንደምሄድ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት የእናቴን ጥያቄ ነበር።

ጅቡቲ ከተማ አማርኛ ያስኬዳል። ሻይ የምታፈላው፣ ሞባይል የሚጠግነው፣ ቤት የምትጠርገው ልጅ፣ ብዙዎቹ ከእኛ አገር የሄዱ ናቸው። ቀትር ሲቃረብ ከተማው ሐሳቡ ሁሉ ከኢትዮጵያ በሚመጣው ጫት ላይ ነው፤ ጫቱ ከደረሰ በኋላ ጉዳይ ለማስፈጸም መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ከወደቡ ባሻገር ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ይታያሉ። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህ ነው። እኔን የያዘኝ ግን አንድ መርከብ ላይ የሚራገፈው ማዳበሪያ ነበር። ኤልያስ ውስጥ ግንቦት ሲገባ ገበሬው ሁሉ ዩሪያ መጣ አልመጣ ይላል፤ በቆሎው በእሱ ላይ ቆሟል። ወረፋው የሚጀምረው ከዚህ ኖሯል። ባሕር አይተው የማያውቁ ሰዎች ሰኔያቸው በባሕር ይወሰናል፤ ይህን ማየቴ ብቻ የባቡሩን ገንዘብ መለሰልኝ።

ጠላቂዎቹ የሚሰባሰቡት ከወደቡ ራቅ ባለች ትንሽ መወጣጫ ላይ ነው። አሠልጣኛችን ፀጉሩን ጨው የበላው ፈረንሳዊ ነው፤ በእንግሊዝኛ እንደ እኔው ስለሚቸገር ተግባባን። መጀመሪያ የጤና ቅጽ አስሞላን፦ ልብ፣ አስም፣ ሳይነስ፣ የጆሮ ሕመም። ከዚያ ስለ ጆሮ ማስረዳት ጀመረ። ሲወረድ ጫናው ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ አፍንጫን ይዞ፣ አፍን ዘግቶ ቀስ ብሎ መንፋት፣ ወይም መዋጥ ያስፈልጋል፤ ደግሞም ሳያም ነው እንጂ ካመመ በኋላ አይደለም። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ እየተያዩ ሲሞክሩት፣ ለእኔ ግን በአውቶቡስ ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው። የአባይን ገደል ነገርኩት። ስንት ሜትር እንደሆነ ጠየቀኝ። ከ1400 ሜትር አያንስም አልኩት። እርሳሱን አነሣና በጤና ቅጹ ጀርባ ላይ ያሰላልኝ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የቆመን ሰው ከላዩ ያለው አየር ሁሉ ይጫነዋል፤ ይህ 1 አትሞስፌር ነው። ከ2300 ሜትር በላይ በሚገኘው በአዲስ አበባ ይኸው ጫና ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ውሃ ግን ከአየር ከ800 ጊዜ በላይ ይከብዳል፤ በባሕር ውስጥ 10 ሜትር በወረዱ ቁጥር አንድ ሙሉ አትሞስፌር ይጨመራል። ስለዚህ ከደጀን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ያለው፣ ሕፃን የሚያስለቅሰው፣ የመኪና ፍሬን የሚያሸተው ያ ሁሉ ቁልቁለት በባሕር ሲለካ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም። ባቡሩ ቀኑን ሙሉ ያወረደን ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለው ደግሞ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ወረቀቱን አቀበለኝና “ነገ አሥራ ሁለት ሜትር እንወርዳለን” አለኝ።

ያን ወረቀት ይዤው መጥቻለሁ። ደገኛ በከፍታው ይኮራል፤ ቆላ መውረድን እንደ ትልቅ ጉዳይ ያወራል፣ ወባውን ሙቀቱን ይቆጥራል። ለካ ያ ሁሉ ከአንድ የዋና ገንዳ ጥልቀት አይበልጥም። በሰውነታችንም ብንመካ ባሕር ውስጥ አይጠቅመንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሰሜን ተራራ ላይ፣ ከ3500 ሜትር በላይ የሚኖሩ የእኛ ሰዎች የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ጋር እንደሚቀራረብ ማሳየቱ ሳይንቲስቶችን አስገርሞ ነበር። ከውሃ በታች ያለው ችግር ግን የአየር እጥረት አይደለም። ችግሩ የአየር ብዛት ነው።

ብረቱ ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው፤ ከውጭው ሳይለይ 21 በመቶው ኦክስጅን። 12 ሊትር የሚይዘው ሲሊንደር እስከ 200 ባር ሲሞላ 2400 ሊትር ያህል አየር ታምቆ ይገባበታል። አፍ ውስጥ የሚጎረሰው መሣሪያ አየሩን ከውሃው ጫና ጋር አስተካክሎ ይሰጣል። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛ እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ የሠሩት ይህንኑ ነው። 10 ሜትር ላይ የሚሳበው እያንዳንዱ ትንፋሽ ከላይኛው እጥፍ አየር ይይዛል። ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የወጣ ሰው፣ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ሊሆን ይሞክራል፤ ሳንባ ደግሞ እጥፍ መሆን አይችልም። የጠላቂ የመጀመሪያ ሕግ ከዚህ ይመጣል፦ ትንፋሽ አይያዝም፤ በምንም ምክንያት። ውሃ ውስጥ የገባ የጎጃም ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ትንፋሹን መያዝ ነውና ይህን ማስተው ቀላል አይደለም።

ጥልቀቱም በደረጃ ነው። ለመሞከር የመጣ እስከ 12 ሜትር፣ የመጀመሪያውን ኮርስ የጨረሰ እስከ 18፣ ቀጥሎ ያለው እስከ 30፤ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ቅኔ ቤቶች አንዱ በሆነው በእኛ አገርም አዲስ ተማሪ ጉባኤ ቃና ሳይቋጥር ዘአምላኪየ አይገባም፤ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ የሚደፍረው ብዙ ቅኔ ዘርፎ ብዙ ከተነቀፈ በኋላ ነው። አሠልጣኙም እንደ የኔታ ነበር። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አንበርክኮ ያንኑ ነገር ደጋገመብን፦ ማስክ ውስጥ ውሃ ማስገባትና በአፍንጫ ነፍቶ ማስወጣት፣ የአፉን መሣሪያ አውጥቶ መመለስ፣ በአንዱ ሲሊንደር ለሁለት መተንፈስ። ያላማረውን በፊት ለፊት “እንደገና” ይላል። ማንም አልተቆጣም።

በማግስቱ ጀልባዋ ወደ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ወሰደችን። ሁለቱም በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ፣ ከከተማው ብዙ ሳይርቁ ያሉ ዝቅ ያሉ ደሴቶች ናቸው፤ ኮራል የሠራቸው፣ ዛፍ የሚባል ነገር ከዳርቻቸው ካለው የማንግሮቭ ቁጥቋጦ በቀር የማይታይባቸው። ከላይ ሲታዩ ምንም አያጓጉም። ኤልያስ ላይ እንዲህ ያለ መሬት ቢኖር ማንም ለእርሻ አይከራከርበትም።

በጀርባዬ ወደቅሁ፤ የሚገባው እንደዚያ ነው። የጨው ውሃ ወደ ላይ ይገፋል፤ ለዚህ ነው ወገብ ላይ እርሳስ የሚታጠቀው። ገመድ ይዘን መውረድ ጀመርን። አንድ ሜትር፣ ጆሮ። ሁለት ሜትር፣ ጆሮ። በሁለት ሜትር ተኩሉ ላይ ቆም ብዬ ወደ ላይ አየሁ፤ ያ ሁሉ ባቡር፣ ያ ሁሉ ጋቢና ሹራብ ይህን ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ለእኔ ሰውነት አዲስ አገር ነበር።

ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ በሲሶ ያህል ተልቆ ይታያል፤ ድምፅም ከአየር ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ ይፈጥናልና ከየት እንደመጣ ጆሮ መለየት አይችልም። የሰማሁት የራሴን ትንፋሽና አንድ የማያቋርጥ ቆርጠም ቆርጠም የሚል ድምፅ ነው። ቀና ስል የክንድ ርዝመት ያለው አረንጓዴና ሰማያዊ በቀቀን ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ይግጣል። የሚበላው በድንጋዩ ላይ ያለውን ሣር መሰል ነገር ነው፤ ድንጋዩን ግን አብሮ ይፈጨውና በጀርባው አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። ትልልቆቹ በዓመት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ አሸዋ ያወጣሉ። በብዙ ሞቃት አገር የሚታየው ያ ቱሪስት የሚተኛበት ነጭ አሸዋ ብዙው ከዚህ የተገኘ ነው። ይህን አሠልጣኙ ጀልባ ላይ ነግሮን ነበርና ውሃ ውስጥ ሳየው ሳቅ አመለጠኝ፤ ስስቅ ማስኬ ውሃ ገባበት። የኔታ ያስደጋገመን ትምህርት ለዚህ ነበር።

ኮራል ድንጋይ አይደለም፤ ተክልም አይደለም። ጥቂት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ወይም በትንሹ የሚበልጥ እንስሳ ነው፤ አፍና በዙሪያው ትናንሽ እጆች። በሺህ የሚቆጠሩ እየተያያዙ ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየወሰዱ ከታቻቸው ቤት ይሠራሉ። ቀለም የሚሰጣቸውና አብዛኛውን ምግባቸውን የሚቀልባቸው ደግሞ ሥጋቸው ውስጥ የሚኖር ረቂቅ አልጌ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ በለውጡ መጠለያ ያገኛል። ለዚህ ነው እንዲህ ያለው ኮራል ብርሃን ወደማይደርስበት ጥልቀት የማይወርደው። ድብልብል ያለው ዓይነት በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። እኔን የሚያህል አንድ ቋጥኝ አጠገብ ተንሳፍፌ ስገምት፣ ሥራው የተጀመረው ሐዲዱ ወደ ድሬዳዋ ሲዘረጋ ወይም ከዚያም ቀድሞ መሆን አለበት። የባሕር ወለልን ከ1 በመቶ በታች የሚሸፍነው ይህ የኮራል ሰፈር ከባሕር ዓሣ ዝርያዎች አንድ አራተኛውን ያኖራል ሲባል መጽሐፍ ላይ አንብቤ አልፌው ነበር። እዚያ ግን ለማለፍ የሚያስችል ክፍት ቦታ የለም፤ በየቀዳዳው ሰው አለ ልል ነበር። ሁለት ነጭ መታጠቂያ ያለው ቢጫ ዓሣ አኒሞን ከሚባለው የባሕር እንስሳ እጆች መካከል ወጥቶ ማስኬ ድረስ መጥቶ ተቆጣኝ። ቁመቱ ከመዳፌ ያንሳል።

ቀዩ ቀለም ግን የት ሄደ? ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀይን ነው፤ ከአሥር ሜትር በታች ቀይ ነገር ሁሉ ቡናማና ግራጫ ይመስላል። አሠልጣኙ የእጅ ባትሪ ሲያበራ ያ ግራጫ ግድግዳ በድንገት ደም መሰለ። ባትሪው ሲጠፋ ተመልሶ ግራጫ። እዚህ ላይ ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ሠልጣኝ በደስታ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። በጠላቂዎች ዘንድ ያ ምልክት “እንውጣ” ማለት ነው፤ ደኅና ነኝ የሚባለው በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ክብ ሠርቶ ነው። አሠልጣኙ ደግሞ ሕግ አይለውጥም። ይዞት ወጣ። እኛ ከረዳቱ ጋር ቀረን፤ ሰውየው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀን አገኘነው፤ ጣቱን ደብቆ።

ኮራል ስመለከት የታሰበኝ ዳህላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 እና 53፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ሰሞን፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣልያን ጠላቂዎች ቡድን ዳህላክ ደሴቶች ገብቶ ነበር። ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ ያነሣው ፊልም “ሴስቶ ኮንቲኔንቴ”፣ ስድስተኛው አህጉር ተባለና በ1954 ለዓለም ታየ፤ ከውሃ በታች በቀለም ከተነሡት ረጅም ፊልሞች ቀዳሚው ነው። እኛ በዚያው ዘመን ስለዚያው ባሕር መርከብና ወደብ ቆጠርን። ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን በየዓመቱ ሲከበር ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ ነበር፤ የሌላ አገር መርከቦችም ይጋበዙ ነበር፤ አጎቴ ሰልፉን ያስታውሳሉ። ከደጋ የወጣ አንድ ልጅ ግን ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያየውን የጻፈበት መጽሐፍ አላውቅም። ባሕሩ በእጃችን ሳለ ያላየነውን አሁን በሰው አገር ከፍለን እናያለን። በዚህ እቆጫለሁ፤ ከወደቡ ቁጭት የተለየ ቁጭት ነው፤ በድርድር የሚመለስ አይደለም።

ሙሻ አካባቢ የሞተ ኮራልም አይቻለሁ። ባሕሩ በበጋ ከለመደው ከፍተኛ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል በልጦ ሳምንታት ከቆየ ኮራሉ ያን ቀላቢውን አልጌ ከሥጋው ያስወጣዋል። ነጭ አጽሙ ይታያል። ሙቀቱ ቶሎ ከረገበ ያገግማል፤ ካልረገበ በረሃብ ይሞትና ላዩ ላይ ሣር ይበቅልበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 ይህ በዓለም ዙሪያ ሆኗል። ሰሜኑ የቀይ ባሕር ኮራል ግን ሙቀት በመቻል የታወቀ ነው። ሳይንቲስቶች በ2013 ያቀረቡት ማብራሪያ ደስ ይላል፤ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ወደ ቀይ ባሕር የተመለሱት ኮራሎች በባብ ኤል መንደብ፣ በደቡቡ እሳት በሆነ ውሃ በኩል ማለፍ ነበረባቸው፤ ያን ያለፈ ዘር ሰሜን ሲደርስ ሙቀት አያስፈራውም። ጠባቡ በር ወንፊት ሆነ ማለት ነው።

መውጣቱ ከመውረዱ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በጫና ውስጥ ሲተነፍሱ ናይትሮጅን ደምና ሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ቶሎ ከወጡ አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ቀስ ተብሎ ይወጣል፤ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ይቆያል፣ ሥራ ፈትቶ፣ ገመድ ይዞ። እኔን ግን ከዚያ በላይ የነካኝ ጀልባ ላይ የተነገረኝ ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ተራራም አይወጣም። ፈረንሳዮቹ ይህን የሚሉት ፓሪስ ለሚበሩት ነው። ለእኔ አገሬ ራሱ የተከለከለ ነበር። አዲስ አበባ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ኤልያስ፣ ሁሉም ደሜ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እስኪወጣ የማይገባባቸው ከፍታዎች ናቸው። አሠልጣኙ ከየት እንደመጣሁ ያውቃልና ሙሉ ቀን እንድቆይ አለኝ። ቆየሁ። ከሻይዋ ልጅ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን፤ እሷ የወልድያ ልጅ ናት፤ ባሕር ገብታ እንደምታውቅ ብጠይቃት፣ “ለምን ብዬ?” አለች።

በመመለሻዬ ደጀን ላይ ወረድኩ። ቁልቁለቱን ከሚያቋርጡት የድንጋይ ድርብርቦች መካከል፣ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በታች፣ ነጣ ያለና ቢጫ የሚመታ ወፍራም ግድግዳ አለ። የኖራ ድንጋይ ነው፤ የደጀን ሲሚንቶ ከሱ ይሠራል። የተጋገረው ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ወገን የመጣ ጥልቀት የሌለው ሙቅ ባሕር አሁን ጎጃምና ሸዋ የሚባለውን ምድር በሸፈነበት ጊዜ ነው። ውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ዛጎል፣ ኮራልም ይገኛል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ላቫ መጥቶ ሸፈነው፤ ምድሩ ከፍ አለ፤ ከዚያ አባይ ቆርጦ ገለጠው። አውቶቡስ በወረደ ቁጥር ጆሮዬ የሚደፈነው በዚያ ባሕር ወለል መካከል ሳልፍ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ያለ ባሕርም አለን። አፋር፣ ዳሎልና አፍዴራ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በታች በሆነ በረሃ ውስጥ የደረቀ ኮራል ቆሞ ይገኛል፤ ከ120,000 ዓመታት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር እስከዚያ ይገባ ነበር። በሩ ሲዘጋ ውሃው ተነነ፤ ጨውም ቀረ። አፋሮች እየጠረቡ፣ ግመል እየጫነ፣ አሞሌ እየሆነ ጎጃም ገበያ የወጣው ያ ጨው ነው። ቅድመ አያቶቻችን ገንዘብ አድርገው የተገበያዩበት፣ ወጣቸውን ያጣፈጡበት ያው ባሕር ነበር። የባሕር ዘመድነታችን ከወደቡ ውል በፊት የቆየ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ኤልያስ ስደርስ አጎቴን የበጎቹን አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

“ስንት ሜትር ወረድክ?”

“አሥራ ሁለት፣ ጋሼ።”

“አሥራ ሁለት ብቻ?” ብለው ሳቁ። “የሞተር ክፍሉ እኮ ከውሃው በታች ነው። ጥዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ ከባሕር በታች ነበርኩ፤ ያውም ሸሚዜ ሳይርስ።”

እውነታቸውን ነው፤ አስቤው አላውቅም። ብረቱ ጫናውን ይሸከምላቸው እንደነበር ላስረዳ ስጀምር አቋረጡኝና ስልኬን ተቀበሉ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። በቀቀን ዓሣውን ሲያዩ ይበላ እንደሆነ ጠየቁ። ኮራሉ ጋ ሲደርሱ ቆዩ፤ በጣታቸው አጉልተው አዩት፣ መልሰው አሳነሱት።

“ምጽዋም ይህ ነበረ ከታች?”

“ዳህላክ ላይማ ከዚህ ይበልጣል ይላሉ።”

ስልኩን መለሱልኝና “በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ይወስዳሉ ወይ?” አሉኝ። የሐኪም ወረቀት ካለው ይወስዳሉ፤ ልብና ሳንባ ይታያል አልኳቸው። ካስማውን በድንጋይ መታ መታ አደረጉና ወረቀቱን ደብረ ማርቆስ ያሉት ሐኪሞች መጻፍ ይችሉ እንደሆነ እንድጠይቅላቸው፣ ለእናቴ ግን እንዳልነግራት አስጠነቀቁኝ።